ከጉልበት ጀርባ ላለ አኑሪዝም፦ ባይፓስ ወይስ ስቴንት?

ከጉልበት ጀርባ ያለው ደም ቅዳ ሲያብጥ (አኑሪዝም ማለት ይሄ ነው) ብዙ ሰው አይታወቀውም። ጉልበት አጠፍ ተደርጎ ከኋላ ሲዳሰስ ሰፋ ብሎ ድው ድው የሚል እብጠት ካለ ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) መነሳት ነው፣ ሌላኛው እግርና ሆድም አብሮ ይታይ፣ ግማሽ ያህሉ ታማሚ ሁለቱም እግሩ ላይ ስላለበት። ሕክምና የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወይም ውስጡ ደም ከረጋ ነው። ዋናው ስጋት መፈንዳቱ አይደለም፣ የረጋው ደም ወደታች ወርዶ እግር ማሳጣቱ ነው።

ማገገም፦
ባይፓስ (ደሙ ያበጠውን ቦታ ትቶ በሌላ ደም ስር እንዲያልፍ ማድረግ)፦ ኦፕራሲዮን ነው፣ ቀናት ሆስፒታል መተኛት፣ ቁስሉም ሳምንታት ይወስዳል።
ስቴንት (ያበጠው ደም ቅዳ ውስጥ የሚቀመጥ የተሸፈነ የብረት መረብ)፦ በብሽሽት በቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ቶሎ ቤት ይገባሉ።

ጥንካሬ፦
ባይፓስ፦ ከራስ እግር በተወሰደ ጥሩ ደም መልስ ከተሰራ ለብዙ ዓመት ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ እኔ በጣም የምወድለት ይሄን ነው።
ስቴንት፦ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ቁጢጥ ሲባል፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ለስግደት ሲንበረከኩ፣ ስለዚህ ሊታጠፍ ሊሰበር ሊዘጋም ይችላል፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒትም መቋረጥ የለበትም።

ወጪ፦ ስቴንቱ ራሱ ውድ ዕቃ ነው፣ ባይፓስ ደግሞ የአልጋው ይበዛል። በሁለቱም የአልትራሳውንድ ክትትል አይቀርም።

ደህና ጤና ላለውና ጥሩ ደም መልስ ላለው ሰው ባይፓስ፣ ልቡ ወይ ሳንባው ኦፕራሲዮን ለማይችል አዛውንት ስቴንት ያመዝናል። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ከደነዘዘ ግን ምርጫ ላይ ሳትቆዩ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።