የዝንብ መስሪያው ኪትና የሰኞ ገበያው ገብስማ ዶሮ

ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝ ነው የሚኖረው፣ ትራውት የሚባለውን ዓሳ ማጥመድ የሚወድ ሰው ነው፣ ለጥምቀት ደሴ ሲመጣ የዝንብ መስሪያ ኪት ይዞልኝ መጣ። አራት ወር ማታ ማታ ሰርቼበታለሁ፣ ለመግዛት የሚያስብ ካለ ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ዝንብ ስል እውነተኛዋን አይደለም፣ መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር እየታሰረ የሚሰራ ነገር ነው፣ ድራይ ፍላይ የሚባለው ደሞ ሳይሰምጥ ውሃው ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፣ ዓሳው ከስር ሲያየው የወደቀ ነፍሳት ይመስለውና ወጥቶ ይጎርሰዋል።

ኪቱ 40 ፓውንድ ነው አለኝ። ውስጡ ትንሽዬ ሞርሳ፣ የክር መያዣ፣ መቀስ፣ ሦስት ቀለም ክር፣ ከ12 እስከ 16 ቁጥር መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ የጥንቸል ጸጉር እና ከነቆዳው የደረቀ የአውራ ዶሮ አንገት አለ። መንጠቆው ምንም አይወጣለትም፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ለድራይ ደሞ ቀጭን ካልሆነ ክብደቱ ያሰጥመዋል። ክሩም ጠንካራ ነው። ሞርሳው 12 ቁጥርን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ 16 ላይ ግን ክሩን ጠበቅ ሳደርገው መንጠቆው ይዞርብኛል፣ መንጋጋውን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ካደረግኩት በኋላ ነው የተሻለው።

ያናደደኝ ላባው ነው። ድራይ ፍላይን የሚያንሳፍፈው እኮ ላባው ነው፣ ከመንጠቆው ዓይን (ናይለኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ) ኋላ አምስት ስድስት ዙር ትጠመጥመዋለህ፣ ጸጉሮቹ ዙሪያውን እንደ ጨረር ይቆማሉ፣ በጫፋቸው ውሃው ላይ ይቆማሉ ማለት ነው። ስለዚህ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። ኪቱ ውስጥ ያለው ግን ለስላሳ ነው፣ ግንዱ አጠገብ ጥጥ የመሰለ ነገር ሞልቶታል፣ እሱ ደሞ ውሃ ይመጥጣል። ሦስቴ ወርወር ካደረግከው በቃ ሰመጠ።

ሰኞ ገበያ ወርጄ ዶሮ የሚሸጡ እናት ጋ ሄድኩ። አውራውን እያነሳሁ የአንገቱን ላባ ወደ ኋላ ስገላልጥ "ልጄ ሥጋውን ነው ወይስ ላባውን የምትገዛው?" አሉኝ፣ ሁለቱንም እናቴ አልኳቸው፣ ከዛ ነገሩን ሳስረዳቸው ራሳቸው ያረጀ ገብስማ መረጡልኝ፣ እግሩ ላይ ከኋላ በኩል ያለው ሹል ጥፍሩ የረዘመ። ያረጀ አውራ ላባው ይጠነክራል፣ የጫጩትነት ልስላሴው ለቆታል። ቤት ስደርስ እማዬ ፈላ ውሃ ውስጥ ሳትነክረው በፊት የአንገቱን ቆዳ ገፈፍኩት፣ ጨው ነስንሼ ጣውላ ላይ ወጥሬ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ የደሴን ብርድ ታውቁት የለ፣ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ከዛ በኪቱ ላባ አንድ፣ በገብስማው አንድ አሰርኩ፣ ሁለቱም 14 ቁጥር፣ አካላቸው ያው የጥንቸል ጸጉር። ማታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠዋት ስነሳ የኪቱ ብርጭቆው ስር ተኝቷል፣ ገብስማው ውሃው ላይ ቆሟል፣ በያንዳንዱ ጸጉር ጫፍ ስር ውሃው ትንሽ ስርጉድ ብሎ ይታያል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንድ ጉድለት አለው፣ የኛ ዶሮ ላባ አጭር ነው፣ ፈረንጆቹ ለዚሁ ብለው ከሚያረቧቸው ዶሮዎች አንዱ ላባ ብዙ ዝንብ ያሰራል፣ ከኛ ግን ለአንድ ዝንብ ሁለት ላባ ያስፈልጋል። እኔ አልቸገረኝም።

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅም ወስጄ ሞክሬዋለሁ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዛ ሐይቅ ውስጥ ትራውት የለም፣ ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው፣ እኛ ሀገር ያለው ድሮ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ባሌ፣ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ነው። የሐይቁ ቆሮሶ ደሞ በዋናነት አልጌ በል ነው፣ ሁለት ምሽት ውዬ የነካችልኝ አንዲት ጣት የምታክል ብቻ ናት፣ እሷንም መለስኳት። ለዓሳ ብላችሁ ሐይቅ ላይ በዝንብ አትድከሙ፣ መረብ ያላቸው ልጆች ያውቁበታል። እኔ የሄድኩት ማዕበል ላይ ይቆማል ወይ የሚለውን ለማየት ነው፣ ቫዝሊን በጣት ስስ አድርጌ ቀብቼው ከሰዓት የሚነሳውን ነፋስ ችሎ ቆሟል።

ዋናው ፈተና እንግሊዝ ነበር። በሚሄድ ሰው 12 ዝንብ ላኩለት፣ ወንድሜ አንድ የውሃ ግድብ ላይ ይዟቸው ወጣ፣ ማታውኑ ደወለልኝ። የቆመ ውሃ ከወንዝ ይለያል ነው የሚለኝ፣ ወንዝ ላይ ዓሳው አንድ ቦታ ቆሞ ምግቡን ውሃው ያመጣለታል፣ የቆመ ውሃ ላይ ግን ራሱ እየዞረ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ዓሳው ወጥቶ ሲጎርስ የሚተወውን ክብ ሞገድ ስታይ እዛው ላይ አትወረውርም፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገምተህ ሁለት ሜትር ያህል ቀደም ታደርጋለህ፣ ከዛ አትነካውም። ዝንቡ ጋ ያለው ቀጭኑ ናይለን ግን መስመጥ አለበት፣ ላይ ከተንሳፈፈ ሲያብለጨልጭ ዓሳው ይሸሻል። ሲጎርስ ደሞ ቶሎ አትጎትትም፣ አፉን ገጥሞ እስኪዞር ጠብቀህ ቀስ ብለህ ዘንጉን ታነሳለህ። እንደዛ አድርጎ በገብስማው ሁለት ሬይንቦ ትራውት ያዘ፣ በኪቱ ላባ በሰራሁት ምንም።

እና ለኪቱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፣ ሦስቱም ለመንጠቆውና ለክሩ ነው። የሚልክላችሁ ሰው ካለ ኪቱን ትቶ ጥሩ ሞርሳ፣ መንጠቆና ክር ለየብቻ ይግዛላችሁ፣ ላባውን እዚሁ ታገኙታላችሁ። የዝንቡ ጭንቅላት ላይ ያለው የክር ቋጠሮ እንዳይፈታ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይበቃል፣ ፒያሳ አለ። ወንድሜ አሁን 20 ተጨማሪ አዞኛል፣ ሁሉም ገብስማ ሁሉም 14፣ እናትየዋም ለፊታችን ሰኞ አንድ ያረጀ አውራ አስቀምጥልሃለሁ ብለውኛል።