የጀርመን የቤተሰብ ስሞች ዲጂታል መዝገበ ቃላት፦ በበርሜል ሠሪዎች ስም ሲፈተሽ

በማይንትስ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሥር የሚዘጋጀው ይህ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት በነፃ ይሠራል። ጥንካሬው ጎልቶ የሚታየው በሙያ ስሞች ላይ ነው። የእንጨት በርሜል ሠሪ በየአካባቢው የተለያየ መጠሪያ ስለነበረው የቤተሰብ ስሙም እንደዚያው ተከፋፍሏል፦ በሰሜንና በምሥራቅ ቦትቸር፣ በፍራንኮኒያ (በሰሜን ባቫሪያ አካባቢ) ቡትነር፣ በደቡብ ምዕራብ ኩፈር፣ በራይን ወንዝ አካባቢ ፋስቢንደር። የየስሙን የስርጭት ካርታ ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት የድሮውን የቀበሌኛ ድንበር እንደማየት ነው።

ስሙን በላቲን ፊደል፣ በአናባቢው ላይ ካለው ሁለት ነጥብ ጋር (ለምሳሌ Böttcher) ይጻፉ። ቦትቸርን ብቻ ፈልገው ከተዉት ቦቲቸርና ቦትገር ያመልጥዎታል፤ እያንዳንዱ አጻጻፍ ለብቻው ይፈለጋል። ኪፈር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዛሬው ጀርመንኛ የጥድ ዛፍ ማለት ስለሆነ ከዛፉ የመጣ ይመስላል፤ በአብዛኛው ግን ኩፈር በደቡቡ አነጋገር ተለውጦ ነው።

የስርጭት አኃዙን የሰው ቁጥር አድርገው አይውሰዱት። የተቆጠረው የ2005 (እ.ኤ.አ.) የመደበኛ ስልክ መስመር ነው፤ አንድ መስመር አንድ ቤተሰብ ሙሉ ሊይዝ ስለሚችል የስሙ ባለቤቶች ከዚያ ይበዛሉ።

ማብራሪያው በጀርመንኛ ብቻ መሆኑ፣ ያውም በአህጽሮት መታጨቁ፣ ለጀማሪ ያስቸግራል። የአንድን ቤተሰብ የዘር ሐረግም አይነግርም። ለዚያ ከ1876 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ላለው የማዘጋጃ ቤት የክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ)፣ ከዚያ በፊት ላለው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ይሻላል።