አራቱን ካርቡሬተር አስማምቶ ለሰጠን ወንድማችን

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የቆየ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ቤት ድረስ መጥቶ የያማሃ ኤክስጄ 600 ካርቡሬተሮችን (አየርና ቤንዚን ቀላቅለው ለሲሊንደሮቹ የሚሰጡትን) እኩል እንዲከፈቱ ያስማማልንን መካኒክ እንጠቁማችሁ። እጁ ይባረክ!

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሲያይ ወዲያው ካቻቢቴ አያነሳም። የቫልቭ ክፍተት ይለካል፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ያያል፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ጎማዎች አየር እንዳይስቡ ይፈትሻል። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ ማስማማቱ ከንቱ ልፋት ነው። የየሲሊንደሩን የአየር ስበት የሚያነቡትን መለኪያዎች ራሳቸውን እንኳ አያምናቸውም፤ አራቱንም በየተራ አንድ ሲሊንደር ላይ ሰክቶ እኩል ማንበባቸውን ያረጋግጣል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ታንኩ ስለሚነሳ ቤንዚኑን ከትንሽ ዕቃ በቱቦ ይሰጣል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሚኒሞውን በደቂቃ 1200 ዙር አካባቢ ያቆምና ፊት ለፊቱ ማራገቢያ ያደርጋል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ይግላል። ሥራው ሁሉ ደጅ ነው፣ ጭሱ ይገድላልና።

መጀመሪያ 1ኛውን ካርቡሬተር ከ2ኛው፣ ቀጥሎ 3ኛውን ከ4ኛው፣ በመጨረሻ በመካከለኛዋ ብሎን ሁለቱን ጥንዶች ያስማማል። መካከለኛዋ ጥንዱን አብራ ስለምታንቀሳቅስ ከእሷ የጀመረ ሰው ሥራውን ይደግማል። ብሎኗን ጥቂት ብቻ ያዞራል፣ ነዳጅ ሰጥቶ ይለቃል፣ መርፌው እስኪረጋ ይጠብቃል። የካቻቢቴው ክብደት ብቻ ንባቡን ስለሚያዛባ እጁን ሳያነሳ አያነብም። በሲሊንደሮቹ ስበት መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ካልወረደ አይለቅም።

ከሁሉ በላይ ያከበርነው ግን የአየርና የቤንዚን ቅልቅል የሚወስኑትን ብሎኖች ያለ ምክንያት አለመነካካቱን ነው። ማስማማት አራቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲከፈቱ ማድረግ ነው፤ በቆሻሻ የተደፈነ የሚኒሞ ቀዳዳ በዚህ አይድንም። እንዲህ ያለ ካርቡሬተር ሲያጋጥመው መታጠብ እንዳለበት ፊት ለፊት ይናገራል፣ ገንዘብ ለመውሰድ ብሎ ብሎን አያዞርም። መለኪያውን ነቅሎ የተሰካበትን ቀዳዳ የሚደፍኑትን የጎማ ክዳኖች ሲመልስም የተሰነጠቀውን ይቀይራል፤ በስንጥቁ አየር ከገባ ያ ሲሊንደር ቤንዚን ያንሰዋል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ጠዋት የሚመጣ ከሆነ ከማታው ጀምሮ ሞተሩን አታስነሱት፤ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው።