በመንግሥት ወይስ በስፖንሰር? ስደተኛ ካናዳ ሲገባ

ካናዳ ስደተኞችን ከውጭ አገር የምታመጣባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ የመንግሥት ድጋፍ ነው። ሌላው ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የግል ስፖንሰር ነው።

በመንግሥት በኩል ለሚመጣው ገንዘቡ አስተማማኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይከፈላል። ቤት ፍለጋውን፣ ባንኩን፣ የጤና ካርዱን በሙያው የሠለጠኑ ሠራተኞች ያግዙታል። ግን አንድ ሠራተኛ ብዙ ቤተሰብ ይይዛል። ማታ ልጅ ቢያተኩሰው ለማን ይደወላል?

የስፖንሰር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የሚደወልለት ሰው አለ። አምስት ሰዎች ተሰባስበው፣ ወይም አንድ የእምነት ተቋም፣ ወጪውንም ሩጫውንም ይሸከማሉ። ኤርፖርት ይቀበላሉ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግባሉ፣ አውቶቡስ አብረው ተሳፍረው መንገዱን ያሳያሉ። ሥራም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ትውውቅ ነው።

ይሉኝታው ግን ከባድ ነው። ቤቱ ባይመቸው፣ የተገኘለትን ሥራ ባይወደው፣ እንግዳው አፍ አውጥቶ ለመናገር ይቸገራል። ስለዚህ ይህን ይወቅ፦ ስፖንሰር ያወጣሁትን መልስልኝ ማለት አይችልም። ድጋፉ መብት እንጂ ውለታ አይደለም።

የቋንቋ ትምህርቱ ለሁለቱም ነፃ ነው።

እኔ ዘመድ ለሌለው ቤተሰብ ስፖንሰርን አስቀድማለሁ፣ ቡድኑ ጠንካራ ከሆነ። የረጅም ጊዜ ሕክምና ለሚያስፈልገው ግን የመንግሥቱ ይሻላል። ካናዳ በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ከአምስት ሰዎች ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ስላቆመች፣ ቡድን ከማሰባሰብ በፊት የወቅቱን መመሪያ ማየት ግድ ነው።