የአተር ፕሮቲን ዱቄት፦ በጣሳው ውስጥ ያለውና የሌለው

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለተወ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ታዲያ ፕሮቲኑን ከየት ታመጣዋለህ?» የሚል ነው። የአተር ፕሮቲን ዱቄትም የሚሸጠው ይህንኑ ስጋት ተንተርሶ ነው። ዱቄቱ ቃሉን ይጠብቃል፤ ጥሩ የሚባለው ምርት በ30 ግራም መስፈሪያ ከ20 እስከ 24 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፣ በቀላሉም ይፈጫል። ነገር ግን በዕፅዋት ብቻ የሚኖር ሰው በብዛት የሚጎዳው በፕሮቲን ሳይሆን በቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው፤ ቢ12 ደግሞ በአብዛኞቹ ጣሳዎች ውስጥ የለም። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው ዱቄቱን ብቻ አይደለም፤ ከአጠገቡ መቀመጥ ያለባትን ትንሿን ክኒንም ጭምር ነው።

ዱቄቱ የሚሠራው ከቢጫ አተር ነው። አተሩ ተፈትጎ ይፈጭና አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ውሃ ይበጠበጣል። ፕሮቲኑ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ስታርቹና አሰሩ ይለያሉ። ቀጥሎ አሲድ ይጨመርበታል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 4.5 አካባቢ ሲደርስ ፕሮቲኑ ረግቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። የረጋው ይታጠባል፣ አሲድነቱ ብዙውን ጊዜ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይመለሳል፣ በመጨረሻም በጣም በሞቀ አየር ውስጥ ተረጭቶ ይደርቃል። ይህን ማወቅ ለገዢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የዱቄቱ ጠባይ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

መጀመሪያ ጨዉን እንይ። አሲዱን ለመመለስ የገባው ሶዲየም እዚያው ይቀራል። ጨው ያልተጨመረበት ምርት እንኳ በአንድ መስፈሪያ ከ200 እስከ 350 ሚሊግራም ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ 2000 ሚሊግራም ነው። በቀን ሁለት መስፈሪያ የሚወስድና የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ቁጥር ከፕሮቲኑ እኩል ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው አበጣጠሩ ነው። ብዙዎች ዱቄቱን በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ ይበጠብጡትና አሸዋ አሸዋ ስላላቸው ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል። ዱቄቱ ምንም አልሆነም። ጭማቂው ፕሮቲኑን ፋብሪካው ወዳረጋበት የአሲድነት መጠን መልሶ ስላስጠጋው ነው የረጋው። በውሃ፣ በአኩሪ አተር ወተት ወይም በሙዝ ብትመቱት ይህ አይገጥማችሁም። ለ30 ግራም ከ300 እስከ 350 ሚሊሊትር ፈሳሽ ይበቃል። ፈሳሹ ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል፤ ከተመታ በኋላ አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ ውሃውን በደንብ ስለሚጠጣ ይለሰልሳል። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ውጪው ረጥቦ እንደ ሙጫ ይሆንና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል፤ ያን በማንኪያ ማፍረስ አድካሚ ነው። ትኩስ የአጃ ገንፎ ላይ የሚጨምርም በቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ ይለውሰውና ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይቀላቅለው።

ጣዕሙ የጥሬ አተር ጣዕም አለው፤ ትንሽ መረር፣ አፍን ደረቅ ያደርጋል። ይህን ለመሸፈን ማጣፈጫ ይጨመራል፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው። «የአተር ዱቄት ሆዴን ነፋኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ጥራጥሬ ሆድ እንዲነፋ የሚያደርጉት ስኳሮች በአብዛኛው በአጠባው ወቅት ወጥተዋል። እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የተጨመረው ኢኑሊን የተባለ አሰር፣ የስኳር አልኮል ወይም ማወፈሪያ ሙጫ ነው። ሆዳቸው ለሚነፋ ሰዎች የምንመክረው ጣዕም ያልተጨመረበትን ገዝተው ራሳቸው በሙዝ ወይም በተምር እንዲያጣፍጡ ነው። ጣዕም የተጨመረበት ምርት ፕሮቲኑም ያንሳል፤ ከ30 ግራሙ 18 ወይም 19 ግራም ብቻ ፕሮቲን የሆነ አለ። ቸኮሌት የተጨመረበት ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ኮኮዋ ካድሚየም ከአፈር ይስባል። ሩዝ ደግሞ አርሴኒክ ይስባል፤ የሩዝ ፕሮቲን ወይም የአተርና የሩዝ ቅልቅል በየቀኑ የሚወስድ ሰው ለእርሳስ፣ ለካድሚየምና ለአርሴኒክ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ የተመረመረውን ይምረጥ።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ስታነቡ ትልቁን የፕሮቲን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በተለመደው ምርመራ ፕሮቲን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ናይትሮጅን ሲሆን ቁጥሩ በ6.25 ይባዛል። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ግላይሲን ወይም ታውሪን የተባለ ርካሽ አሚኖ አሲድ የጨመረ አምራች ናይትሮጅኑን፣ በዚያውም የሚጻፈውን ፕሮቲን ከፍ ማድረግ ይችላል። በይዘት ዝርዝሩ ላይ እነዚህን ብቻቸውን ተጽፈው ካገኛችሁ ጣሳውን ወደ መደርደሪያው መልሱት። የሁሉንም አሚኖ አሲዶች መጠን በሠንጠረዥ ያወጣ አምራች የበለጠ እምነት ይገባዋል።

የአሚኖ አሲዱ ነገር ብዙ ተብሎለታል፣ ግን ቀላል ነው። አተር ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ሲሆን ሜታዮኒን የተባለው ያንሰዋል፤ ሩዝ የተገላቢጦሽ ነው። 70 በመቶ አተርና 30 በመቶ ሩዝ ያለበት ቅልቅል በብዛት የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቅልቅሉ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን በቀኑ ውስጥ አጃ፣ ሰሊጥ ወይም ሩዝ የሚበላ ሰው ክፍተቱን በምግቡ ስለሚዘጋ ተጨማሪ ክፍያው አያስፈልገውም፤ ሁለቱ የግድ በአንድ ማዕድ መገናኘትም አያስፈልጋቸውም። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ብቻውን ሙሉ ነው፤ ለአኩሪ አተር አለርጂ የሌለበት ሰው ከአተሩ ቢያስቀድመው ትክክል ነው። የሄምፕ (አደንዛዥ ያልሆነ የካናቢስ ዝርያ) ዘር ዱቄት ግማሽ ያህሉ ብቻ ፕሮቲን ነው፣ ላይሲኑም አነስተኛ ነው፤ ለአሰሩና ለዘይቱ ካልሆነ ለፕሮቲን ብሎ መግዛቱ አያዋጣም።

«ጥሬ» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ላይ ግን ጠንከር ያለ ቃል አለን። ጥሬ ምግብ የሚከተሉ ሰዎች ወሰናቸው ብዙውን ጊዜ ከ42 እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ተረጭቶ የደረቀ ዱቄት ይህን ወሰን አያከብርም፤ ማድረቂያው የሚገባው አየር ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የደረቀ፣ ከጎነቆለ ጥራጥሬ የተሠራ ዱቄት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚሰጠው ፕሮቲን ግን አይበልጥም። እንዲያውም ሙቀት በጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ ያሉትን፣ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች ስለሚያዳክም የበሰለው ይሻላል።

የሚያሳዝነው ዱቄቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ጥሬ ብቻ የሚበላው ሰው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለላይሲን በቀን በኪሎ ክብደት 30 ሚሊግራም ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 1950 ሚሊግራም ይሆናል። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 1250 ያህሉን ይሸፍናል። 30 ግራም አልሞንድ ግን 170 ገደማ ብቻ ነው፤ ፍራፍሬ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በፍራፍሬና በአልሞንድ የሚኖር ሰው ሆዱ ቢጠግብም ላይሲኑ አይሞላም። ምስርን ማጎንቆል ይረዳል፦ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይደፋል፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየታጠበ ሁለት ቀን ገደማ ይቆያል። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ግን ለባክቴሪያም ይመቻል። በ2011 በጀርመን ከጎነቆለ አብሽ ጋር በተያያዘ የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች የጎነቆለውንም አብስለው ይብሉት።

ቀይ ቦሎቄን ግን አጎንቁሎ እንኳ በጥሬው መብላት አደገኛ ነው። በውስጡ ያለው ሌክቲን ከአራት ወይም ከአምስት ፍሬ ብቻ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ሊያስነሳ ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ መቀቀል አለበት፤ ዝቅተኛው 10 ደቂቃ ነው፣ 30 ደቂቃ ደግሞ ያስተማምናል። 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ብቻ የሚሞቅ ዘገምተኛ ማብሰያ መርዙን ከማጥፋት ይልቅ ሊያባብሰው ይችላል።

የበሰለ ለሚበላ ሰው ዱቄቱ ምቾት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ለአዋቂ የሚመከረው በኪሎ 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን መፈጨቱ ትንሽ ስለሚያንስ 1 ግራም ብሎ መያዝ ጥሩ ነው። ለ65 ኪሎ ሰው 65 ግራም ማለት ነው። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18፣ 150 ግራም ጠንካራ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) 18 እና ከዚያ በላይ፣ 60 ግራም አጃ 8፣ 30 ግራም ኦቾሎኒ 7፣ 30 ግራም የዱባ ፍሬ 9 ግራም ይሰጣሉ፤ የቀረውን ዳቦውና አትክልቱ ይሞላዋል። ዱቄቱ ዋጋ የሚያወጣው ለስፖርተኛ፣ የምግብ ፍላጎቱ ለቀነሰ አዛውንት፣ ጥራጥሬ አብዝቶ መብላት ለማይችልና ለማብሰል ጊዜ ለሌለው ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትም እንዲሁ፣ የአተር ፕሮቲን በአንዳንዶቹ ላይ ተመሳሳይ ምላሽ ያስነሳልና።

አሁን ወደ ክኒኗ። ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዕፅዋት አይሠሩትም፣ ስለዚህ የተሻለ አትክልት በመምረጥ ይህን ክፍተት መሙላት አይቻልም። የቀን ፍላጎቱ 2.4 ማይክሮግራም ነው፣ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ደግሞ 4 ይላል። አንጀት በአንድ ጊዜ በተለመደው መንገድ የሚቀበለው ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው የሚገባው 1 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው የክኒኖቹ ቁጥር የሚያስደነግጠው። በየቀኑ የሚወስድ ሰው 10 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ በሳምንት አንዴ የሚወስድ ግን 2000 ያስፈልገዋል። 1000 ማይክሮግራም ያለባት ክኒን የምታስገባው 13 ያህሉን ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ በወር አንዴ ይበቃል ማለት ስህተት ነው።

ከዓይነቶቹ ሲያኖኮባላሚንን እናስቀድማለን። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሜቲልኮባላሚን በብርሃን በቶሎ ይፈርሳል፤ ለጤነኛ ሰው የተለየ ጥቅም አላየንበትም። ከምላስ ሥር የሚሟሟውም ከሚዋጠው አይበልጥም።

ስፓይሩሊና የተባለውን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በቢ12 ምንጭነት የሚሸጥ ሁሉ ገዢውን እየጎዳ ነው። በውስጡ ያለው በአብዛኛው ሐሰተኛ ቢ12 ሲሆን በሰው አካል ውስጥ አይሠራም። ፕሮቲኑ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ቢሆንም ማንም በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ማንኪያ በላይ ስለማይወስድ የሚያገኘው ጥቂት ግራም ነው። ለምግብነት የሚሸጠው የደረቀ እርሾ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ሆኖም ቢ12 የሚኖረው አምራቹ ከጨመረበት ብቻ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ቫይታሚን ዲ3 በድንጋይና በዛፍ ላይ ከሚበቅለው ሊከን የተሠራ አለ፣ በቀን 15 ማይክሮግራም ለአብዛኛው አዋቂ ይበቃል። አዮዲን በቀን 150 ማይክሮግራም ከክኒን ወይም አዮዲን ካለው ጨው ይገኛል፤ ኬልፕ የተባለው የባሕር አረም ግን መጠኑ ስለሚዋዥቅ ታይሮይድን ሊያውክ ይችላል። የኦሜጋ 3 ስብ ምንጭ የሆነው ተልባ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል፣ ስለዚህ ይፈጭ፤ ዲኤችኤ የተባለውን የኦሜጋ 3 ዓይነት በቀጥታ ለሚፈልግ የአልጌ ዘይት አለ። ብረት ከምስርና ከባቄላ ይገኛል፤ አብሮ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢኖር መምጠጡ ይጨምራል፣ ሻይና ቡና ግን ከማዕዱ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቁ።

ክኒኗን ለወራት ያቆመ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ሊዘናጋ ይችላል፤ ጉበት ያከማቸው ቢ12 ዓመታት ሊያቆይ ስለሚችል ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አትክልት አብዝቶ የሚበላ ሰው በቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ብዙ ስለሆነለት የደም ማነሱ ላይታይ ይችላል፣ ነርቩ ግን እየተጎዳ ይቀጥላል፦ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳት፣ መርሳት። በጀርመን 201 ጥሬ ምግብ ተመጋቢዎች በተመረመሩበት ጥናት 38 በመቶዎቹ የቢ12 እጥረት ተገኝቶባቸዋል። የደም ምርመራ ስታደርጉ አልጌ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሐሰተኛው ቢ12 በተለመደው ምርመራ እንደ እውነተኛው ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የተባለው ምርመራ ይጨመርላችሁ፤ እሱ ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ሴሎቹ በቂ ቢ12 አላገኙም ማለት ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰውም ይህን ምርመራ መጠየቅ አለበት፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ቢ12 ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ።