«ፎርማት ይደረግ» የተባለውን ዲስክ ላዳነልኝ የሐዋሳ ልጅ ምስጋና

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ለማመስገን ነው። እናንተም ዲስካችሁን ለማንም አሳልፋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት እሱን እንድታማክሩት ብዬ ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ አልጽፍም።

አቶቴ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የጥር ሠርግ አልቆ ገና እፎይ ሳልል የሥራ ኮምፒውተሬ ተቃጠለ። ታናሽ ወንድሜ ፎቶው ሁሉ በየማታው ወደ ኤክስተርናል ዲስክ እንዲገለበጥ አድርጎልኝ ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ዲስኩን ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሽሮቹ ስም ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ልከፍታቸው ስል ግን «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት አይፈቀድም) ይለኛል። በዚያው ሳምንት አንድ ቤተሰብ መጣ። በጥር የዳሩት የልጃቸው አያት አርፈዋል፤ ለአርባቸው የሚሰቀል ፎቶ ፈለጉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፣ ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ስትስም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ይመርቃሉ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ላወጣው ግን አልቻልኩም።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያዩት «ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርገን የተገኘውን እናወጣለን» አሉኝ። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው፤ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህ ልጅ ግን ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ፎቶዎቹ ወደዚህ የተገለበጡት በምንድን ነው?» ወንድሜ ጋ ደወልን። በሲግዊን ውስጥ ባለው አርሲንክ በሚባል ፋይል መገልበጫ ነው አለ። ሲግዊን ማለት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ፣ የዩኒክስ መሣሪያዎችን ዊንዶውስ ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። አንዱን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ከዚያ ሴኩሪቲ ገባና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የሰው ስም መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ተጽፏል።

«ይኼ የተቃጠለው ኮምፒውተር ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ዊንዶውስ ሰውን የሚለየው በስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ስም ብሰጠውም ቁጥሬ ሌላ ስለሆነ ለዲስኩ ባዕድ ነኝ። ሁለተኛው ችግር ከሲግዊን የመጣ ነው። ዩኒክስ ፈቃድን ለሦስት ወገን ያካፍላል፤ ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌላው ሰው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ሆነው ይደመሩና 755 ወይም 644 የሚባሉት ቁጥሮች ይወጣሉ። ዊንዶውስ ደግሞ ረጅም የስም ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ይላል። ሲግዊን የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ሲተረጉም አንዳንዴ ክልከላ ይጨምራል፣ ቅደም ተከተሉም ዊንዶውስ ከለመደው ይለያል። ወንድሜ በስልክ 777 አድርጉት፣ ማለትም ሁሉንም ለሁሉም ፍቀዱ ብሎን ነበር፤ ባለቤቱ ያ የድሮው ቁጥር ስለሆነ አልሠራም።

አሠራሩን በደንብ ነው ያየሁት። መጀመሪያ የዲስኩን ጤንነት መረመረ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ የማያሳሳ ፎልደር መርጦ፣ አድሚን ሆኖ በከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ ቴክኦውን በሚባል ትእዛዝ ባለቤትነቱን ወደ እኔ አዞረ፣ አይካክልስ በሚባለው ደግሞ የፈቃድ ዝርዝሩን ሪሴት አደረገው። ፎቶው ተከፈተ። ወደ ሌሎቹ የሄደው ይህን አይቶ ነው። ከ3,000 በላይ ፎቶ አንድም ሳይጎድል ወጣ። የሽማግሌውን ፎቶ ስከፍተው እንባዬ መጣ፤ ልጁም ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እንኳ አመሰግነው ነበር። እሱ ግን ወንድሜን መልሶ ደውሎ ምንጩን አደረቀው። ወንድሜ አርሲንክን ያዘዘው «ኤ» በሚለው ፊደል ነው፤ ያ ፊደል የሰባት ትእዛዝ ማሳጠሪያ ሲሆን ፈቃድን፣ ባለቤትንና ቡድንን አብሮ ይገለብጣል። እነሱን አስቀርቶ ፎልደሩን ከነውስጡና ከፋይሎቹ ቀን ጋር ብቻ እንዲገለብጥ አደረጉት። ሲግዊን በፈቃዱ ጉዳይ እንዳይገባም ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል ላይ «ኖኤሲኤል» የሚል ቃል ጨመሩ። አሁን አዲስ ፋይል ሲገባ ፈቃዱን ከያዘው ፎልደር ይወርሳል። በየማታው ይገለበጣል፣ ጠዋት ይከፈታል።

አንድ ያስጠነቀቀኝን ላድርሳችሁ፤ ቴክኦውንና አይካክልስ የተባሉትን ሁለት ትእዛዞች ዊንዶውስ ራሱ ባለበት ሲ ድራይቭ ላይ በጅምላ እንዳትሞክሩ፤ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ፈቃድ ያበላሻሉ።

ያስከፈለኝ መጀመሪያ የነገረኝን 800 ብር ነው። ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለኝ። ፎቶው ታትሞ ለአርባው ደርሷል።

ሱቁ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ የዲስኩን ገመድ አትርሱ፤ ፋይሎቹ በምን እንደተገለበጡም ቤት ጠይቃችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።