የሳይፓይ ዌልች፦ ነፃ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት

ወደዚህ ጣጣ የገባሁት በክራር ምክንያት ነው። ባለኤሌክትሪክ ክራር፣ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ላፕቶፕ፤ ሌላ ዕቃ የለኝም። ቤት ውስጥ ስቀዳ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል። ገመድ ቀየርኩ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ነቀልኩ፣ ወይ ፍንክች። በጆሮ መገመት ሲሰለቸኝ የድምፁ ኃይል በየፍሪኩዌንሲው (ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ) እንዴት እንደተከፋፈለ ልየው ብዬ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈትኩና ሳይፓይ ከሚባለው የሒሳብ መሣሪያው ውስጥ ያለውን ዌልች የሚባል ፈንክሽን ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩበት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሞከርኩት ደረቁን ኤፍኤፍቲ (ድምፅን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትን ስሌት) ነበር። ቅጂውን አስገባሁ፣ የወጣውን ስኩዌር አድርጌ ሳልኩት። ግራፍ ሳይሆን ያልታጨደ ሣር ነው የሚመስለው። ቅጂው አጥሮብኝ ይሆናል ብዬ 10 ሰከንዱን 60 አደረግኩት። ሣሩ ባሰበት! ለካ ቅጂ ሲረዝም ነጥቦቹ ይበዛሉ እንጂ እያንዳንዱ ነጥብ አይረጋጋም። ፒተር ዌልች እ.ኤ.አ. በ1967 ያመጣው መላ እዚህ ላይ ነው የሚገባው፦ ቅጂውን ቆራርጠህ፣ ቁራጮቹን አደራርበህ፣ የየአንዳንዱን ጠርዝ በዊንዶ (ጫፎቹን ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ በሚያወርድ ማባዣ) አለስልሰህ፣ ለሁሉም ኤፍኤፍቲ ሠርተህ ስኩዌሮቹን በአማካይ ትወስዳለህ። የኔ የ60 ሰከንድ ቅጂ የ1 ሰከንድ ቁራጮች ሆኖ በግማሽ ሲደራረብ 119 ቁራጭ ወጣው። ሣሩ ተኛ።

በጣም የወደድኩለት ሒሳቡን አለማዛባቱን ነው። በእጅ ስትሠሩት በሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ በሚናገረው ቁጥር) ማካፈል አለ፣ በዊንዶው ስኩዌር ድምር ማካፈል አለ፣ ኤፍኤፍቲው የሚያወጣውን የኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲ ግማሽ ስለምንጥለው ደግሞ ከዜሮውና ከመጨረሻው ነጥብ በስተቀር በ2 ማባዛት አለ። አንዷን ከረሳችሁ ቅርፁ ልክ ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ዌልች ሁሉንም ራሱ ይጨርሳል። እኔ ተጠራጣሪ ነኝና ከግራፉ ሥር ያለውን ስፋት ደምሬ ከቅጂው ቫሪያንስ (ሳምፕሎቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት ስኩዌር አማካይ) ጋር አስተያየሁት፤ በጥቂት ነው የተለያዩት።

አሁን ወደ ብሶቴ። ካልነገራችሁት ሳምፕል ሬቱን 1 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የግራፉ ታች መስመር 0.5 ላይ ያልቃል፤ ይሄ እንኳ ወዲያው ይታያል። ክፉው የቁራጩ ርዝመት ነው። ዝም ካላችሁት 256 ሳምፕል ይወስዳል። በ44,100 የተቀዳ ድምፅ ላይ ይሄ ማለት በሁለት ነጥቦች መካከል 172 ኸርዝ ገደማ አለ ማለት ነው። የመብራት ዝዝታ ደግሞ እኛ አገር 50 ኸርዝ ነው፣ ተከታዮቹ 100 እና 150። ሦስቱም አንድ ጉብታ ውስጥ ተቀበሩልኝና "የመብራት ችግር የለም" ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ክራሩን ስወቅስ ከረምኩ። ቁራጩን 44,100 ሳደርገው ነጥቦቹ በ1 ኸርዝ ተራራቁና ሦስቱም እንደ ምስማር ቆሙ።

ሌላም አለ። ፋይላችሁ ስቴሪዮ ከሆነ አክሲሱን (ሠንጠረዡን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያነብ የሚነግረውን ቅንብር) 0 በሉት። አለዚያ በጊዜው ፋንታ ግራና ቀኝ ቻናሎቹን እንደ ሲግናል ይቆጥርና ርዝመቱ 2 ነው ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። እኔ ማስጠንቀቂያውን አላነበብኩም፣ ማን ያነባል?

አንድ የተደበቀ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። በአማካይ ፋንታ ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። ቤቴ መንገድ ዳር ነው፤ ሚኒባሱ ክላክስ ሲያደርግ፣ ረዳቱ ሲጮኽ ሁሉም ቅጂው ውስጥ ይገባል። ሚዲያን ሳደርገው እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ግራፉን ማበላሸት አቆሙ።

ከ5 ውስጥ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት ለ256ቷ ነው።

ዝዝታውስ? ከ50 ይልቅ 100 ላይ ያለው ምስማር ነበር ረጅሙ። አዳፕተር ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል ሞገዱን ስለሚያጥፈው 50 የነበረው 100 ይሆናል፣ ኮንደንሰሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ያ ድምፅ ሳይጣራ ያልፋል። አምፕሊፋየሩን በባትሪ አስነስቼ እንደገና ቀዳሁ። የ100ው ምስማር ሟሸሸ፣ 50 ላይ ትንሽዬ ቀረች። ሁለቱን ግራፍ በስልኬ ይዤ አዳፕተሩን የሸጠልኝ ሰው ጋ ሄድኩ። ዓይኑን አጥብቦ አየውና፣ "ይሄ ምንድን ነው፣ የልብ ምርመራ ነው እንዴ ወንድሜ?" አለኝ። አዳፕተሩን ግን ቀየረልኝ።